ሻጭ የሌለው ዳቦ

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰው ጥርርርር የሚል ድምፅ ነው። ሳይክለኛ ቁልቁለት ላይ ፔዳሉን መምታት ትቶ እግሩን ሲያሳርፍ፣ የኋላው ጎማ ብቻውን የሚያወራው ወሬ አለ። ቤቱ ውስጥ ሳይክለኛ የነበረበት ሰው ያን ድምፅ ከሺህ ድምፅ መሀል ይለየዋል። እኔ የሰማሁት ግን ቁልቁለት ላይ አይደለም። አዲሱ ገበያ፣ ፎቅ ላይ፣ ንቅንቅ የማትል ሳይክል ላይ ቁጭ ብዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐኪሙ ስኳርህ ጨምሯል አለኝ። ዕድሜዬን ስኳር ስመዝን የኖርኩ ባለሱቅ ነኝና ልቀልድበት አፌን ከፈትኩ፤ ፊቱን ሳየው መልሼ ዘጋሁት።

"እንቅስቃሴ ታደርጋለህ?"

"እንዴታ! ከሚዛኑ እስከ መደርደሪያው።"

አልሳቀም። በቃ፣ ጂም ገባሁ። ከሳይክሏ ፊት ለፊት ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። አሰልጣኟ ልጅ ሰው እንዳይሰለቸው ብላ የመንገድ ቪዲዮ ትከፍትበታለች። አንድ ሳይክለኛ ካሜራ ግንባሩ ላይ አስሮ ይነዳል፣ አንተ ከእሱ ጋር የምትሄድ ይመስልሃል። "ዛሬ የፈረንሳይ ገጠር ነው የምንሄደው ጋሼ" አለችኝ። ቪዛ ሳልጠየቅ ሄድኩ።

አገሩ እንደ ሱሉልታ ነው፤ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ደግሞ ከፍ። የሱፍ ማሳ መጣ፤ አበባው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ዞሮ ቆሟል። ከማሳው በላይ የቤተ ክርስቲያን ጫፍ ብቅ አለ፣ ከጫፉ ሥር መንደር። የድንጋይ ቤት። የተዘጋ መስኮት፣ የተዘጋ መስኮት፣ የተዘጋ መስኮት። ሳይክለኛው መንደሩ መሀል ሲደርስ ፔዳሉን ተወው፤ ጥርርርር። ውሃ ሊጠጣ ከመንገዱ ዳር ቆመ። ካሜራው ፊት፣ ግድግዳ ተደግፎ፣ ቁም ሣጥን የሚያህል ቀይ የብረት ሣጥን አለ። በመስታወቱ ውስጥ ረጃጅም ዳቦ ተደርድሯል። ሻጭ የለም።

እግሬ ቆመ።

"ጋሼ! አመመዎት እንዴ?"

"ዳቦ አየሁ።"

"ዳቦማ ተከልክለው የለ!"

ልጅቷ ምን ታድርግ። ያ ዳቦ ታላቅ ወንድሜን ከቤታችን ያስወጣው ዳቦ ነው። በዚያ ዳቦ ምክንያት አባቴና ወንድሜ ዳግመኛ በአንድ ማዕድ ሳይቀርቡ ተለያዩ። ቤተሰቡ በሙሉ፣ እኔም ጭምር፣ እንዲህ ያለ ዳቦ በምድር ላይ የለም ብለን ፈርደን ነበር። ያ የለም ያልነው ነገር በሰላም ቆሞ ያየኛል።

ወንድሜ ከእኔ ጥቂት ዓመት ቢበልጠኝ ነው። ሳይክሉን የሠራለት የሰፈራችን ጎሚስታ ነበር፤ መሪው ካንዱ፣ ቸርኬው ከሌላው፣ ኮርቻው ከማን እንደመጣ አይጠየቅም። ጠዋት፣ እኛ ሱቅ ከፍተን ዳቦ ስንረከብ፣ እሱ በጎጃም በር ሽቅብ ይወጣል። ዛሬ የእጽዋት ማዕከሉ ያለበትን ዳገት ይጨርስና ሱሉልታን አልፎ ጫንጮ ይደርሳል። ረፋድ ላይ ሲመለስ ላቡ፣ የባሕር ዛፍ ሽታና የናፍጣ ጭስ አብረውት ይገባሉ። በሩ ላይ ሲደርስ ፔዳሉን ይተወዋል፤ ጥርርርር። እናቴ ያን ስትሰማ ነበር ሻይ የምትጥደው።

አባባ መጀመሪያ አልወደደለትም። "ሳይክል የሚነዳ ሰው ከኋላው ዕቃ ይጭናል" ይል ነበር። "ባዶውን ሄዶ ባዶውን የሚመለስ፣ ይሄ ምን የሚሉት ንግድ ነው?"

ኋላ ግን ወንድሜ ለውድድር ተመረጠ። ለልምምድና ለውድድር ፈረንሳይ ይወስዱታል ተባለ። አብረውት የሚሄዱት ከሰሜን የመጡ ልጆች ናቸው፤ ከእኛ ሰፈር እሱ ብቻ ነው። ወሬው ሰፈር ሲገባ "ሊወዳደር ነው" ያለ አንድ ሰው አልሰማሁም። ሁሉም ያለው "ሊጠፋ ነው" ነው። ያን ጊዜ ውጭ የሚሄድ ስፖርተኛ እዚያው መጥፋቱ የታወቀ ነበር፤ ቢመለስ ሻንጣው ነው የሚመለሰው።

አባባ በግ አረደ። ዱዓ ተደረገለት። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ገበር ያለው ጃኬት ሰፋለት። ሲለካው ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ "ይሄ ትከሻ ነው ወይስ የበር መቃን?" ሲል ቤቱ በሳቅ ሞላ። በመጨረሻ ከጎናችን የሚኖሩት አሮጊት ተነሥተው፣ ግንባሩን ስመው፣ እንባቸውን እየጠረጉ መረቁት።

"ወጥተህ ቅር፣ ልጄ!"

"አሚን!" አለ ሰው ሁሉ።

ይህ ቃል በሌላ ቀን ቢሆን እናት ለጠላቷ ልጅ የምታወጣው እርግማን ነው። ያን ቀን ምርቃት ሆኖ ዋለ። እናቴን አየኋት። "አሚን" ስትል ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣም።

አውሮፕላኑ ከመነሣቱ አልጋው ለአክስቴ ልጅ ተሰጠ። ብርድ ልብሱ ሄደ። ጫማው ለእኔ ስለሰፋኝ እሱም ለሌላ ሰው ሄደ። ሳይክሉን አባባ ራሱ መሰላል ላይ ወጥቶ ከሚዛኑ በላይ፣ ሱቁ ጣሪያ ሥር ሰቀለው። ስኳር የሚገዛ ሰው ቀና ይላል፣ አባባ ደግሞ ቀና እስኪል ይጠብቀዋል። "የልጄ ነው። ፈረንሳይ ያለው ልጄ።" መስጊድ ውስጥ የሶላቱ ሰልፍ ሲጠብ ቦታ ይለቁለት ጀመር። ሁለት ሰው ሲጣላ ለሽምግልና ይጠሩታል። አባቴ ከዚያ በፊት ሳሙና ሻጭ ነበር፤ አሁን በሰፈሩ አፍ ላይ አባት ሆነ።

ጥቂት ሳምንት አለፈ። ክረምት ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊው ክር ሊገዛ መጥቶ፣ አባባ "ደውሎ ነበር እኮ፤ ጃኬቱ ልክክ ብሎልኛል በልልኝ አለ" ብሎ ሸኘው። አልደወለም። ሰውዬው ከመሄዱ ሰማዩ ጠቆረና በረዶ ወረደ። በመንገዱ ላይ ውሻ እንኳ ጠፋ። ቆርቆሯችን ሲደበደብ አጠገቤ ያለውን አባባን መስማት አልቻልኩም።

በሩ ጨለመ። ያ ጃኬት ነው። በጃኬቱ ውስጥ ወንድሜ አለ። በረዶው ፀጉሩ ላይ እንደ ጨው ተበትኗል።

"አሰላሙ አለይኩም" አለ።

አባባ ሰላምታውን አልመለሰም። አባቴ የሰው ሰላምታ ሳይመልስ ሲቀር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ፊቱ ዐመድ መሰለ። ወደ እኔ ዞሮ "ዝጋው!" አለኝ፤ በሩን ነው። ዘጋሁት። ከዚያ ልጁን የጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነበር፦

"ማን አየህ?"

"ማንም!"

ሁሉም በጩኸት ነው፤ በረዶው ካልጮኽክ አያሰማም። በሹክሹክታ የሚወራ ምስጢር ነበር፣ እኛ እንደ ጨረታ ጮኽንበት።

"አባረሩህ?"

"አይ!"

"አሰሩህ?"

"አይ!"

"ታዲያ ለምን አልጠፋህም?"

"ጠፍቼ ነበር! ተመለስኩ!"

እናቴ ከጓዳ ወጥታ የሳሙና ካርቶን ላይ ቁጭ አለች፤ አላቀፈችውም። እሱ ቆሞ፣ ውሃ እየተንጠባጠበ፣ እየጮኸ ነገረን።

ማረፊያቸው ትንሽ ከተማ ነበረች። በየጠዋቱ፣ እዚያ በተሰጣቸው ሳይክል፣ በገጠሩ መንገድ ይነዳሉ። መንገዱ ቀጭን ነው፣ ጉድጓድ የለውም፤ ኮረብታውን እንደ ክር ይዞ ይወጣል ይወርዳል። ከኋላ መኪና ይመጣል። አያልፍም፣ ጡሩንባ አይነፋም፤ ሳይክለኛው ዳገቱን እስኪጨርስ ቀስ ብሎ ይከተላል። ወንድሜ መጀመሪያ ፖሊስ መስሎት ነበር። እንደ ጫንጮ መንገድ ቦይ ውስጥ የሚወረውርህ የጭነት መኪና የለም፣ ድርቆሽ የጫነች አህያ የለችም፣ "በለው! በለው!" እያለ የሚሮጥ ልጅ የለም።

በመመለሻቸው ዋዜማ፣ መንታ መንገድ ላይ ሌሎቹ ወደ ግራ ሲታጠፉ እሱ ወደ ቀኝ ታጠፈ። ከሰፈራችን አንድ ተማሪ ያስጠናው አንድ የፈረንሳይኛ ዓረፍተ ነገር አለው፤ "ኢትዮጵያዊ ነኝ፣ ሥራ እፈልጋለሁ፣ አመሰግናለሁ" የሚል። ሰው እንዳገኘ ሊናገረው እንደ ማስቲካ እያመነዠከው ነዳ። መንደር ደረሰ። መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል። ሁለተኛ መንደር ደረሰ። በር አንኳኳ፤ ከውስጥ ውሻ መለሰለት። በሦስተኛው አደባባዩ ላይ የወታደር ሐውልት አለ፣ ሥሩ ድንጋዩ ላይ የሞቱ ልጆች ስም ተደርድሯል። "አባባ፣ በመንደሩ ያገኘሁት ሰው እነሱን ብቻ ነው" አለ።

በአንዱ መንደር ግን ቀይ ሣጥን አገኘ። ብቻውን ቆሞ እንደ ፍሪጅ ያጉረመርማል። ውስጡ ዳቦ ነው። ዙሪያውን ዞረ፣ ባለቤቱን ፈለገ። ደጅ ቁጭ ብሎ እያለ አንዲት አሮጊት በነጠላ ጫማ ወጡ፣ ሳንቲም ከተቱ፣ ዳቦው ዱብ አለ። ዞር ሲሉ እሱን አዩትና ክው አሉ። እሱም ክው አለ። ተያዩ። ከዚያ አሮጊቷ ዳቦውን ከሁለት ገምሰው ግማሹን ሰጡት።

ከጠዋት ጀምሮ አልበላም። ጎረሰ። ዓረፍተ ነገሩን ሊናገር ሲል አፉ ሙሉ ነው። ውጦ ሲጨርስ በሩ ተቆልፏል።

"ዳቦ የሚሸጥ ሰው እንኳ ያላስፈለጋቸው፣ እኔን ምን ያደርጉኛል?" አለ ወንድሜ። ሳይክሉን አዞረ። ማታ ማረፊያው ሲደርስ አሰልጣኙ ጉድ ብሎ አየው። "ምነው፣ መንገድ ጠፋብህ?" አለው። ጠፍቷል ብሎ ሻንጣውን ለሌላ ልጅ ሰጥቶት ነበር።

"ግን ለምን? ለምን?" አባባ ሚዛኑን በቡጢ መታው።

"ሰው አጣሁ!" ብሎ ጮኸ ወንድሜ።

ይህን ሲል በረዶው ባንዴ ቆመ። ያ ቃል ብቻውን ጸጥታው መሀል ቀረ፤ በሱቁ፣ በጓዳው፣ ምናልባትም በመንገዱ ማዶ ተሰማ። ሁላችንም እንደ ሌባ ትንፋሻችንን ዋጥን። ከቆርቆሮው ጫፍ ውሃ ይንጠባጠባል።

አባባ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የጠየቀው።

"ዳቦው... ጠባቂ የለውም?"

"የለውም።"

"ዘበኛስ?"

"የለም አባባ።"

"እና አንድ ሰው ሰብሮ ቢወስደው?"

"ሰውስ የት አለ!"

አባባ ዕድሜውን ዳቦ የሸጠ ሰው ነው። ዳቦ ከእጅ ወደ እጅ የሚሄድ ነገር እንደሆነ ያውቃል። ወደ እናቴ ዞረና "ልጅሽ ታሟል" አለ። ልንገርህ፣ እኔም እዚያ ጋ ነው ማመን የተውኩት። የተዘጋውን መስኮት አምኜ ነበር። መኪናውን እንኳ አምኜ ነበር። እኔ ግን ያን ጊዜ አስፋልት ዳር ካልሲ እሸጣለሁ፤ ዓይኔን ካነሣሁ አንዱ እግር ይጠፋል፤ ሌባው በአንድ እግር ካልሲ ምን እንደሚያደርግ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ሻጭ የሌለው ዳቦ? ፈርቶ ተመልሶ ተረት እያወራ ነው አልኩ።

በማግስቱ፣ ንጋት ላይ፣ ሸጎሌ በግና ድርቆሽ የሚነግደው አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ መኪናውን ይዞ መጣ። ከፈረንሳይ በአውሮፕላን የመጣ ሰው፣ ከአዲሱ ገበያ ሸጎሌ ድርቆሽ ውስጥ ተቀብሮ ሄደ። "እስኪረሳ ነው" አለ አባባ። ወንድሜ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ሳይክሌንስ?"

አባባ ቀና ብሎ አየው። "እሱ ከወረደ ሰው ይጠይቃል።"

የሚረሳ ነገር አልነበረም። አባባ ራሱ አላስረሳም። "ልጅህ እንዴት ነው?" "ፈረንሳይ ነው፣ አልሐምዱሊላህ።" ወንድሜ አንድ ታክሲ ርቀት ላይ የበግ ቀንድ ይዞ ይውላል፣ እኛ ፓሪስ እንልክለታለን ሰላምታ። እናቴ ወንድሟን መጠየቅ አበዛች። ከዚያ በፊት በዓመት አንዴ የማትጠይቀውን ሰው።

አባባ ግን አንድ ልማድ አወጣ። ዓርብ፣ ከጁምዓ መልስ፣ ዳቦ በፌስታል ያስርና "ለዚያ ለሸጎሌው ልጅ" ይለኛል። ስሙን አይጠራም። "ከሣጥኑ የወጣ ነው በለው።" መጀመሪያ ይህ ቃል ጥፊ ነበር፤ ወንድሜ ፌስታሉን ሲቀበለኝ ጆሮው ይቀላ ነበር። ዓመታት ሲያልፉ አባባ ለስላሳውን በጣቱ እየነካ መምረጥ ጀመረ። ቃሉ ያው ነው፤ ከሣጥኑ የወጣ ነው በለው። ጥፊው ከቃሉ ውስጥ መቼ እንደወጣ አላውቅም።

አንድ የዒድ ሰሞን ልብስ ሰፊው ሱቅ መጣ። እኔ መደርደሪያ ላይ ነበርኩ።

"ሸጎሌ በግ ልገዛ ሄጄ፣ ፈረንሳይ ያለውን ልጅህን የሚመስል አየሁ" አለ።

አባባ ዓይኑን ከሚዛኑ አላነሣም። "ሰው ከሰው ይመሳሰላል።"

"ትከሻውም?"

"ትከሻውም።"

ልብስ ሰፊው የገዛውን ሳሙና ተቀበለ። "እንግዲህ ለፈረንሳዩ ሰላም በልልኝ" ብሎ ወጣ። አባባ የመዘነውን ስኳር ደግሞ መዘነው።

አባባ የሞተው ጠዋት ነው። በእኛ ዘንድ ሬሳ አያድርም፤ ቀብሩ ከከሰዓቱ የዐስር ሶላት በኋላ ተባለ። ሰው ተሰበሰበ። "ምስኪን፣ ፈረንሳዩ አይደርስም" እያሉ ከንፈር ይመጥጣሉ። እኔ ጓዳ ገብቼ ደወልኩለት። አልቅሶ እንደሆነ እንጃ፣ ድምፁ ደረቅ ነበር።

"ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?"

"ከዐስር በኋላ።"

"ከፈረንሳይ አይደርስም ማለት ነው" አለና ዘጋው።

ገባህ? ከመጣ የአባቱን ቃል በቀብሩ ቀን ውሸት ያደርገዋል። ካልመጣ ልጅ ሆኖ አባቱን ሳይሸከም ይቀራል። እኔ ይቀራል ብዬ ነበር።

ቃሬዛውን ይዘን ወጣን። ልማዱን ታውቀው ይሆናል፤ ጀናዛ ሲያልፍ መንገደኛ ሁሉ አጅር፣ የአላህን ምንዳ፣ ለማግኘት ትከሻውን ይሰጣል። የማታውቀው ሰው ከታክሲ ወርዶ ጥቂት እርምጃ ይሸከምና ለሚቀጥለው ለቆ መንገዱን ይሄዳል። ማን ነህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ኩርባው ላይ፣ ፎጣ ተከናንቦ፣ የበግ ነጋዴ ካፖርት የለበሰ ሰው ቆሟል። ቃሬዛው ሲደርስ ከፊት በቀኝ በኩል ገባ። በአጠገቡ ሳልፍ የድርቆሽ ሽታ ሸተተኝ።

አልለቀቀም። ሌሎቹ ይቀያየራሉ፣ እሱ አይቀየርም። ዳገቱ ላይ ልብስ ሰፊው ተራ ሊቀበለው መጣ። እጁን ትከሻው ላይ አሳረፈ። እጁ እዚያው ደረቀ። ጎንበስ ብሎ ከፎጣው ሥር አየው፤ ፊት ለፊት፣ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ። አሁን ይጮሃል አልኩ።

"በርታ ወንድሜ" አለ ልብስ ሰፊው። "አጅሩን አትልቀቅ።" እጁን አነሣ።

አፈሩ ተመለሰ። ሰው ተሰልፎ ሲያጽናናኝ እሱም ከመንገደኞቹ ጋር ተሰለፈ። ተራው ሲደርስ እጄን ያዘ። መዳፉ ከቃሬዛው እንጨት ቆስሏል። "አላህ ሶብሩን ይስጥህ" አለኝ፣ እንደ ባዳ። "አሚን፣ አላህ ይቀበልህ" አልኩት፣ እንደ ባዳ። በእግሩ ቁልቁል ወረደ። የገዛ አባቴን በቀበርኩበት ቀን የገዛ ወንድሜን መንገደኛ ብዬ አመሰገንኩ።

ሱቁን ወረስኩ፣ ውሸቱንም አብሬ። እናቴ ጠቅልላ "ወንድሜ ጋ" ሸጎሌ ገባች። አንድ ጊዜ ለወንድሜ "አሁንማ ና፣ በቃ" ብዬው ነበር። "አሁን ብመጣ አባባ ነው ውሸታም የሚባለው" አለኝ። "መልስ መስጠት የማይችል ሰው እንዴት አዋርዳለሁ?" ከዚያ ወዲያ አላነሣሁትም። ደንበኛ ቀና ብሎ ሳይክሉን ሲያይ እኔም እንደ አባቴ እላለሁ፤ ደህና ነው፣ እዚያው ነው።

ከጂሙ እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ላቤን ሳልጠርግ መሰላል አምጥቼ ሱቁ ውስጥ ወጣሁ። ሳይክሉ አቧራ ጠጥቷል፣ ሸረሪት ቸርኬው መሀል ሌላ ቸርኬ ሠርታለች። ልብስ ሰፊው ዛሬ መርፌ የማይታየው ሽማግሌ ነው፤ እንደ ልማዱ በሱቄ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል።

"ልታወርደው ነው?"

"አዎ ጋሼ፣ ላጥበው ብዬ ነው።"

"ለሸጎሌው ከሆነ ጎማውን አስነፋው። የሳይክል ሬሳ አትውሰድለት።"

መሰላሉን ጨበጥኩ። "ለ... ለየትኛው ሸጎሌው?"

"ተው እንጂ አንተ ልጅ።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?"

"እኔ ከበጉ ጊዜ ጀምሮ። ሌላው ሰው ግን ይቀድመኛል።"

"ሌላው ማን?"

አገጩን ወደ መንገዱ ቀሰረ፤ ወደ ሥጋ ቤቱ፣ ወደ ወፍጮው፣ ወደ ሰፈሩ በሙሉ። "ዓርብ በመጣ ቁጥር ዳቦ ይዘህ የሸጎሌን ታክሲ ስትጋፋ ማን ያላየህ መሰለህ? አጎትህ አገር ዳቦ የለም?"

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን 'ፈረንሳዩ ደህና ነው?' የምትሉኝ?"

"አባትህ በገዛ አፉ ነገረን።" ሽማግሌው ፊቱን ወደ ፀሐይዋ መለሰ። "ሰው አክብሮ የነገረህን መልሰህ ፊቱ ላይ ትወረውራለህ እንዴ?"

ወርጄ ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ፣ እናቴ ያን ቀን እንደተቀመጠችው። ከማን ነበር የደበቅነው?

ጎማውን አስነፋሁት። በዚህ ቦርጭ ልነዳው አልሞከርኩም፤ እየገፋሁት ሄድኩ። ሸጎሌ ዛሬ ፎቅ በፎቅ ሆኗል፣ የበጉ ሽታ ግን ከፎቆቹ ሥር አለ። ወንድሜ ጢሙ ሸብቷል። ድርቆሽ ያወርድ ነበር። እኔን ሳይሆን ሳይክሉን ነው ያየው። ቀስ ብሎ መጣ፣ ኮርቻውን ይዞ ከኋላ አነሣውና በመዳፉ ጎማውን መታው።

ጥርርርርር።

ሁለት ነገር ልነግረው ነበር የመጣሁት፤ የትኛውን እንደማስቀድም ጠፋኝ። እጄ ላይ ፌስታል አለ። ዳቦ መቼ እንደገዛሁ አላስታውስም፤ እጄ ከልማዱ ገዝቶ ይሆናል። ሰጠሁት።

"ከሣጥኑ የወጣ ነው" አልኩት።

ጆሮው አልቀላም። ፈገግ አለ።

"አየሁት እኮ" አልኩ። "በቪዲዮ። ቀይ ነው።"

ጎማው ይዞራል። "ሰው ነበረ?"

"ማንም።"

ራሱን ነቀነቀ። ሁለተኛውን ነገርኩት፤ ሰፈሩ ያውቃል፣ ከጥንትም ያውቃል፣ ብትመጣ ኖሮ የምታፈርሰው አንዳችም ነገር አልነበረም አልኩት። ጉረኖው ውስጥ አንድ በግ ይጮሃል።

"ሁሉም?"

"ሁሉም።"

"ታዲያ አንድ ሰው እንኳ" አለ፣ ድምፁ እንደዚያ ቀን ወጣ፣ በረዶው እንደቆመበት ቀን፣ "አንድ ሰው እንኳ፣ ና አይለኝም?"

ዳቦውን ከሁለት ገመሰና ትልቁን ግማሽ ሰጠኝ። የተከለከልኩ ነኝ፤ ተቀብዬ ጎረስኩ። እሱም ጎረሰ። ጎማው ገና እየዞረ ነበር። ጥክ ጥክ... ጥክ... ድምፁ እስኪያልቅ ድረስ ሁለታችንም ቆመን አዳመጥነው።